የአካባቢያችን ወጣቶች በእርግጥ ምን ያገኛሉ? የወረዳና የቀበሌ ዳሰሳን የሚመለከቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በወረዳ ወይም በቀበሌ ደረጃ ለወጣቶች የሚሰጡ አገልግሎቶችንና ያሉትን ዕድሎች ለመዳሰስ ለሚነሡ የወጣት ማኅበራት፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ የዕድር ኮሚቴዎችና የመንግሥት ባለሙያዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ከተሞችና ከከተማ ዙሪያ ቀበሌዎች ሁኔታ የተወሰዱ ሲሆን፣ የገጠሩ ነገር በሚለይበት ቦታ ተለይቶ ተጠቅሷል።

የወጣቶች ጽሕፈት ቤቱ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እያወጣ ሌላ ዳሰሳ ለምን ያስፈልጋል?

የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚናገረው መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሠራ ነው፤ ወጣቱ ምን እንዳገኘ ግን ከሪፖርቱ አይገኝም። ሁለቱ የማይገጥሙበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ነው። ለዚህን ያህል ወጣቶች ሥልጠና ተሰጠ በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሦስት ሥልጠና የተገኘ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሥራ የገባው ማን እንደሆነ ግን ከቁጥሩ መረዳት አይቻልም። ይህ የግድ የባለሙያው ስንፍና ውጤት አይደለም። ቅጹ ሲዘጋጅ የጠየቀው የተሳታፊ ብዛት ስለሆነ የሚሞላውም የተሳታፊ ብዛት ነው።

ዳሰሳውን ከመጀመር በፊት ግን አንድ ነገር መቁረጥ ይገባል፤ ይኸውም ውጤቱን ይዞ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነና የትኛው ውሳኔ እንደሚጠበቅ ነው። የወረዳው በጀት፣ የአንድ ድርጅት የሦስት ዓመት ፕሮጀክት፣ ወይም የወጣቶች ማዕከሉ የሥራ ሰዓት ሊሆን ይችላል። የሚጠበቅ ውሳኔ ከሌለ ዳሰሳውን ማዘግየት ይሻላል።

ወጣት የምንለው ማንን ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ይላል። የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ዓመት ይሄዳል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ ለስታቲስቲክስ ሥራው ከ15 እስከ 24 ያለውን ይጠቀማል። ከወረዳው ዕቅድ ጋር እንዲናበብ የፖሊሲውን ወሰን መያዙ የተሻለ ነው።

ይሁን እንጂ የ15 ዓመቷን ልጅና የ29 ዓመቱን አባወራ በአንድ ዓምድ ውስጥ መጻፍ መረጃውን ዋጋ ያሳጣዋል። ቢያንስ ከ15 እስከ 17፣ ከ18 እስከ 24 እና ከ25 እስከ 29 ብሎ መለየት ይገባል። 18 ዓመት የወሰንነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቀበሌ መታወቂያ፣ የብድር ውልና በሕግ የሚፈቀድ ጋብቻ ሁሉም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ዕድሜ ሲጠየቅ የተወለዱበትን ዓመተ ምሕረት መጠየቅ፣ የማያውቁትን ደግሞ ስንተኛ ክፍል ሳሉ ምን እንደሆነ በማስታወስ መርዳት፣ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ ከማለፍ የበለጠ ትክክለኛ መልስ ያስገኛል።

በቀበሌያችን ስንት ወጣት እንዳለ እንዴት እናውቃለን?

በሀገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚያጠናቅቅበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው ቁጥር ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ በዕድገት መጠን የተሰላ ግምት ነው። በፍጥነት በሰፉ የከተማ ዳርቻዎች፣ ተፈናቃይ በተጠለለባቸው ከተሞችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለባቸው አካባቢዎች ግምቱ ከእውነታው በጣም ሊርቅ ይችላል።

የሚያዋጣው መንገድ ከተለያየ ቦታ የተገኙ ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት የቤተሰብ ማኅደር፣ የትምህርት ቤቶች የምዝገባ መዝገብ፣ የቀበሌው የነዋሪዎች መዝገብና የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ ለየብቻቸው ጎደሎ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ጉድለቱ የት እንደሆነ ያሳያሉ። በቤት ሠራተኝነት ከገጠር የመጣችው ልጅ፣ ለምሳሌ፣ በአብዛኛው ከአራቱም መዝገቦች ውጭ ናት። ትክክለኛው ቁጥር ካልተገኘ ምንጩንና ድክመቱን ጽፎ ግምት መሆኑን መግለጽ በቂ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ የትኞቹ አገልግሎቶች ይገባሉ?

ሰዎች ዝርዝር ሲጀምሩ የሚያስታውሱት የመንግሥት ቤት ነው፦ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ የወጣቶች ስብዕና ልማት ማዕከል፣ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ የስፖርት ሜዳ። እነዚህ ሊቀሩ አይችሉም። ነገር ግን ወጣቱ ጊዜውን የሚያሳልፈውና ሥራ የሚያገኘው በእነሱ በኩል ብቻ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤትና የመስጊድ ጀማዓ፣ የሠፈር እግር ኳስ ቡድን፣ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ዕቁብ፣ የጋራዥና የእንጨት ሥራ ቤቶች በልምድ የሚያስተምሩት ሙያ፣ ሁሉም የዝርዝሩ አካል ናቸው።

ጆተኒና ፑል ቤቶች፣ ኳስ የሚታይባቸው አዳራሾች፣ ጫት ቤቶችና ደላሎችም መመዝገብ አለባቸው። ይህን ስንል የሚያጉረመርም የኮሚቴ አባል አይጠፋም። ነገር ግን ማታ የት እንደሚዋል ሳይታወቅ ማዕከሉ ለምን ባዶ እንደሆነ ሊታወቅ አይችልም፤ ወደ ዐረብ ሀገር የሚልከው ደላላ የት እንደሚቀመጥ ወጣቱ ሁሉ እያወቀ ጥናቱ ብቻ የማያውቅ ከሆነም ጥናቱ ጎድሏል። በሕግ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ፈቃድ ባላቸው ኤጀንሲዎች በኩል እንደሚከናወን የሚያውቁት ስንቶቹ እንደሆኑ ማየትም በዚሁ ሥር ይመጣል። የደላላን ስም መሰብሰብ ግን የዳሰሳው ሥራ አይደለም፤ ሰብሳቢውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

አንድን የወጣቶች ማዕከል «አለ» ብለን ለመመዝገብ ምን ማየት አለብን?

ታፔላውን አይቶ ምልክት ማድረግ በዚህ ሥራ ውስጥ በብዛት የሚፈጸም ስሕተት ነው። ማዕከሉ የተሠራበት ዓመትና የክፍሎቹ ብዛት በጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ ስላለ እሱን ለማወቅ መሄድ አያስፈልግም። መሄድ የሚያስፈልገው ሌላውን ለማወቅ ነው። ሰኞ ጠዋትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንዲሁም በአንድ የሥራ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሳያስታውቁ ሄዶ ማየት፣ ቀጠሮ ተይዞ ከሚደረግ ጉብኝት የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

በሩ ክፍት ነው? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት ለአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት የሚሆኑ ናቸው ወይስ የተሻሩ ናቸው? ኮምፒውተሮቹ ይሠራሉ? መብራት ሲጠፋስ? መጸዳጃ ቤቱ ለሴቶች የተለየ ነው? ውኃ አለው? መግቢያው ላይ ደረጃ ካለ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወጣት በየት ይገባል? አዳራሹ ለሠርግና ለስብሰባ እየተከራየ በወር ስንት ቀን ለወጣቶች ይዘጋል? የኪራዩ ገቢ ማዕከሉን ለማስኬድ ስለሚውል ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለኃላፊዎች የማይመች ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም በትሕትና መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው የመጠቀሚያ መዝገቡ ነው። መዝገብ ካለ ከአንድ ወር ውስጥ የሴቶቹን ስሞች ለይቶ መቁጠር፣ በተደጋጋሚ የሚመጡትን ከአዲሶቹ መለየት፣ ከየትኛው ሠፈር እንደሚመጡ መጠየቅ ይቻላል። መዝገብ ከሌለ በተመረጡ ቀናት በሩ ላይ ተቀምጦ መቁጠር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውጤት ማዕከሉን የሚጠቀሙት በአቅራቢያው የሚኖሩ ወንዶች መሆናቸው ነው። ሴቶቹ ሲጠየቁ የሚሰጡት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ስለ ማዕከሉ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው፦ መብራት የሌለው መንገድ፣ በፑል ቤቱ ፊት ማለፍ፣ ከመሸ ቤት መድረስ። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ያለው በወጣቶች ጽሕፈት ቤት ሳይሆን የመንገድ መብራት በሚያስተዳድረው ክፍል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ የማዕከሉን ክፍሎች በመቁጠር ማግኘት አይቻልም።

ለጤና አገልግሎቱስ ተመሳሳይ መመዘኛ ነው?

መነሻው ያው ነው፤ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ግን አለ። ለወጣቶች ምቹ የሆነ የጤና አገልግሎት ተብሎ የተከፈተ ክፍል ወረፋው የጎረቤት እናቶች ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት ከሆነ፣ ያላገባች ልጅ ልትገባበት አትደፍርም። ምሥጢር መጠበቁን ወጣቶቹ ያምናሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሥራ ዕድልን የምንለካው እንዴት ነው?

«ሥራ ተፈጠረ» የሚለው ቃል በየሪፖርቱ ስለሚደጋገም መጀመሪያ ከፋፍሎ ማየት ያሻል። የሁለት ወር የኮብልስቶን ሥራ፣ በማኅበር ተደራጅቶ ሼድ መረከብ፣ በፋብሪካ በደመወዝ መቀጠርና በራስ ገንዘብ ባጃጅ መያዝ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ለእያንዳንዱ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ የተደራጁት ማኅበራት ዝርዝር ከተገኘ፣ የተወሰኑትን በዕጣ መርጦ በአካል መፈለግ እጅግ ያስተምራል። ከአባላቱ ውስጥ ስንቱ ቀረ? ሼዱ ውስጥ የሚሠራው የተመዘገበው ሰው ነው ወይስ ተከራይ?

ብድርን በተመለከተ የመንግሥትን ፍላጎት ከወጣቱ ደጃፍ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲቋቋም ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ዳሰሳው በቀበሌ ደረጃ ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ ግን ከዚህ ያነሰና የጠበቀ ነው፦ አንድ ወጣት ብድር ለማግኘት ከየት ጀምሮ ስንት ቢሮ ይዞራል፣ ምን ምን ወረቀት ይጠየቃል፣ ዋስ ወይም መያዣ የሌለው ምን ይባላል፣ በቡድን ካልተደራጀስ? ይህን ለማወቅ የሚሻለው ከተበዳሪዎቹ ጋር ከሚደረገው ውይይት ይልቅ ጀምረው ካቋረጡት ጋር የሚደረገው ነው። የተሳካላቸውማ መንገዱን አልፈውታል። እንቅፋቱን በዝርዝር የሚያውቁት ያቋረጡት ናቸው።

መታወቂያ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት መሸኛ ካላመጣ የቀበሌ መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ ከሌለው ደግሞ ሥራ ፈላጊ ተብሎ አይመዘገብም፣ አይደራጅም፣ ብድር አይጠይቅም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ይህን ሰንሰለት የት የት እንዳቃለለና የት እንዳልደረሰ በየአካባቢው ማጣራት ጠቃሚ ነው።

በአሠሪዎች በኩል ያለውን የሥራ ሁኔታ ማየትም አይቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድም። በሆቴልና በምግብ ቤት የሚሠሩ ልጆች ይህን ሰምተው እንደሆነ መጠየቅ ብቻውን ብዙ ያሳያል።

12ኛ ክፍልን አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ያልገቡትን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል?

አዎን፤ ምናልባትም በዚህ ዘመን በከተማ ዳሰሳ ውስጥ ትልቁ ርእስ ይህ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። የማለፊያ ውጤት ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ በሪሜዲያል ፕሮግራም፣ የገቡት ሲደመሩም እንኳ በየቀበሌው ወደ ወላጅ ቤት የተመለሰው ወጣት ብዛት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። እነዚህ ወጣቶች በሥራ አጥነት መዝገብ ላይ ወዲያው አይታዩም፤ እንደገና እፈተናለሁ የሚል፣ የግል ኮሌጅ የሚያፈላልግ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስብ፣ ቤት ውስጥ የሚያግዝ ሁሉ አለ።

ለእነሱ ያለው ዋና በር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ስለሆነ በአካባቢው ኮሌጅ የትኞቹ ሙያዎች እንደሚሰጡ፣ የተግባር ልምምዱ የሚደረገው በእውነተኛ ድርጅት ውስጥ እንደሆነ፣ ሠልጣኞች የብቃት ምዘናውን፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን፣ ለመውሰድ ምን እንደሚገጥማቸው መታየት አለበት። የወላጆችን አመለካከትም አብሮ መጠየቅ ይገባል፤ በብዙ ቤት ቴክኒክና ሙያ አሁንም እንደ ውድቀት ይታያል።

ወደ ስብሰባ የማይመጡትን ወጣቶች እንዴት እናገኛቸዋለን?

ቀበሌው «ወጣቶችን ሰብስቡልን» ሲባል የሚጠራቸው የሚያውቃቸውን ነው፤ የወጣት ማኅበሩን፣ የሊጉንና የፌዴሬሽኑን አባላት፣ ስልካቸው በሊቀ መንበሩ የተያዘውን። የእነሱ ሐሳብ ይጠቅማል፤ የሁሉ ሐሳብ ግን አይደለም። ስለዚህ ከተጠሪዎቹ ዝርዝር ውጭ ያሉትን በየሚገኙበት ቦታ መሄድ ግድ ነው።

የቤት ሠራተኞች በአብዛኛው የሚገኙት እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ወይም በማታ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። የታክሲ ረዳቶችና ሊስትሮዎች በሥራ ሰዓት ቢጠየቁ ገቢያቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ መሄድ ይገባል። ከዐረብ ሀገር ተመላሽ የሆኑ ሴቶች በአንድ ጊዜ በቡድን ከመጠራት ይልቅ በአንዲት በሚያምኗት ሰው በኩል መገናኘትን ይመርጣሉ። መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ባሉበት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማቅረብ ግድ ነው፤ እናት ወይም እኅት እንድታስተረጉም ማድረግ ስለ ቤተሰብ የሚነሣውን ጥያቄ ሁሉ ይዘጋዋል።

በገጠር ጊዜው ራሱ ችግር ነው። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪዎቹ ቤት ይገኛሉ፤ ነገር ግን ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይጨቀያል፣ አረምም ይበዛል። በመኸር ወቅት ደግሞ ሁሉም አጨዳ ላይ ነው። የገበያ ቀን ከሁሉ ይሻላል፤ ሰው ራሱ ስለሚመጣ።

መጠይቅ ይሻላል ወይስ የቡድን ውይይት?

ስንት እንደሆነ ለማወቅ መጠይቅ፣ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ውይይት። አቅም ከሌለ አጭር መጠይቅና ወንዶችንና ሴቶችን ለየብቻ ያነጋገረ ውይይት ይበቃል። አባትና ልጅ፣ ወይም ኃላፊና ሥራ ፈላጊ በተቀመጡበት ውይይት ውስጥ የሚነገረውን ግን ለይስሙላ እንደተነገረ አድርጎ መያዝ ይገባል።

ፈቃድ ከማን ይጠየቃል? የግል መረጃስ እንዴት ይጠበቃል?

ከወረዳው አስተዳደር የትብብር ደብዳቤ ማግኘትና ለቀበሌው ማሳወቅ የተለመደው መንገድ ነው፤ ያለዚያ ሰብሳቢዎቹ በመጀመሪያው ሠፈር ይቆማሉ። ደብዳቤው ግን የወጣቱን ፈቃድ አይተካም። እያንዳንዱ ተጠያቂ መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለው በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ከ18 ዓመት በታች ላለው ከራሱ በተጨማሪ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠየቃል። ብቻውን የሚኖር የጎዳና ልጅ ከሆነ ደግሞ በቅርብ የሚያውቀው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እንዲገኝ ማድረግ ተገቢ ነው።

ስም፣ ስልክና መልስ በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ የለባቸውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ መሆኑ አብቅቷል። ጠያቂው በውይይት መሐል ጥቃት እንደተፈጸመባት የምትናገር ልጅ ቢያጋጥመው ወዴት እንደሚመራት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱን፣ የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍልንና አቅራቢያ ያለውን የጤና ተቋም አድራሻ ሳይዝ ወደ መስክ መውጣት የለበትም።

የአካባቢው ወጣቶች ራሳቸው መረጃ ሰብሳቢ ሊሆኑ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ በብዙ ነገር ይመረጣሉም። የሠፈሩን ቋንቋና ቀልድ ያውቃሉ፣ የተዘጋውን በርም ያስከፍታሉ። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዘመዱንና ጓደኛውን እንዳይጠይቅ ሠፈር መቀያየር ነው። ሁለተኛው፣ የሚገባውን አበል በወቅቱ መክፈል ነው፤ «ለወጣቶች ነው» በሚል ምክንያት በነፃ ማሠራት፣ ስለ ወጣቶች ሥራ ማጣት የሚያጠናን ቡድን ያሳፍራል።

«ስንት ጊዜ ተጠየቅን፣ ምን አገኘን?» ሲሉን ምን እንመልስ?

ትክክል ናቸው። ሊሰጥ የማይችል ነገር አለመናገር፣ ብድርም ሼድም እንደማይከፋፈል በመጀመሪያው ደቂቃ ግልጽ ማድረግ፣ ከዚያም ውጤቱ መቼና የት እንደሚነገራቸው ቀን ቆርጦ መንገር ነው። ቀኑ ሲደርስ ውጤቱ የተሟላ ባይሆን እንኳ ያለውን ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

ውጤቱን ለማን፣ መቼ ነው የምናቀርበው?

የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ የወረዳው ዕቅድ የሚሰናዳው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። በነሐሴ ወር የቀረበ ጥሩ ጥናት የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቁ አይቀርም። ስለዚህ የመስኩን ሥራ በጥር አካባቢ ጨርሶ ግኝቱን በመጋቢት ለጽሕፈት ቤቶቹ ማድረስ ይመከራል።

አቀራረቡ ሦስት ዓይነት ቢሆን መልካም ነው። ለምክር ቤቱና ለካቢኔው ሁለት ገጽ፣ ለባለሙያዎች ሙሉው ሰነድ፣ ለወጣቶቹ ደግሞ የትኛው አገልግሎት የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ወረቀት እንደሚገኝ የሚያሳይ ዝርዝር። ሦስተኛው በተግባር ከሁሉ የበለጠ ተፈላጊ ሆኖ ይገኛል፤ በማዕከሉና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ በቴሌግራምም ተሠራጭቶ ይነበባል።

ኃላፊው የማይወደው ግኝት ካለ ጉባኤ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለብቻው እንዲያየውና እንዲያስተባብል ዕድል መስጠት ጨዋነትም ብልሃትም ነው። ማስተባበያው በማስረጃ የቀረበ ከሆነ ይታረማል፤ በማስረጃ ካልቀረበ ግኝቱ እንዳለ ይቀመጥና የጽሕፈት ቤቱ አስተያየት ከጎኑ ይጻፋል።

ዳሰሳው በየስንት ዓመቱ ይደገም?

ሙሉው በየሦስት ዓመቱ ቢደገም ይበቃል። የአገልግሎቶቹ ዝርዝር ግን ሰዓት፣ ኃላፊና መሥፈርት ስለሚለዋወጥ በየስድስት ወሩ መታደስ አለበት፤ ይህንንም የማዕከሉ ሠራተኛ ወይም አንድ የወጣት ማኅበር በስልክና በአካል እየጠየቀ በጥቂት ቀናት ሊጨርሰው ይችላል።